«አንብበኝ» የሚለውን አትክፈቱ

፩

ባዶ።

ልየው እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ጥግ ላይ የተጣበቀ ነገር ካለ ብሎ ዳበሰ። ያገኘው አቧራ ነው። ሳጥኑን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰና እንደገና ከፈተ። በደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ደብዳቤ እንደሌለ ያውቃል፤ ብሽቀት ነው ያስመለሰው።

«በስህተት ሌላ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይሆን?» አላት መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችውን ሠራተኛ።

«ባለፈው ሐሙስም ጠይቀውኛል» አለች ቀና ሳትል። «የዚያን ቀን የነገርኩዎትን ነው ዛሬም የምነግርዎት።»


፪

ከመሐል ጀመርክብኝ ብለህ አትቆጣ። ለእኔም የደረሰኝ እንዲሁ ነው። ልየው ይህን ታሪክ ሲያወራኝ እየተናደደ ተነሥቶ ይወጣል፤ በረንዳው ላይ ተንጎራዶ ሲመለስ ካቆመበት አይቀጥልም። እኔም እሱ በተነሣ ጊዜ ሁሉ አዲስ ቁጥር እጽፋለሁ። ቁጥሮቹ ብዙ ከመሰሉህ የሱን ጠባይ ውቀስ።

ልየው ይሁኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። በ1986 ዓ.ም. በቤቱ ኮምፒውተር አንድ የአማርኛ የኮምፒውተር ፊደል፣ ፎንት የሚሉትን፣ ሠራ። ስሙን «መቃ» አለው፤ መቃ ጸሐፊዎች ብርዕ ቀርጸው የሚጽፉበት ተክል ነው። ፊደሉን አልሸጠውም። በፍሎፒ ዲስክ ገልብጦ «ቅዳው፣ ለሌላም ስጥ» እያለ ሰጠ። በዚያ ዘመን ከውጭ የሚመጡ ብዙ ፕሮግራሞች የሚዞሩት እንዲህ ነበር፤ ሼርዌር ይሏቸዋል። ሠሪው በነፃ ይለቀዋል፤ የተጠቀመበት ሰው ደግሞ ሠሪው የለመነውን አንድ ነገር ይፈጽማል። አንዳንዱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ፖስት ካርድ።

ልየው የጠየቀው ደብዳቤ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም አልመጣለትም።


፫

የዕቃ ዝርዝር

— ኮምፒውተር፣ አንድ። ከተዘጋ ፕሮጀክት ቢሮ የወጣ። ሲሞቅ ስለሚጠፋ ክዳኑ ተነቅሎ ጠረጴዛ ማራገቢያ ፊቱ ላይ ተደቅኖበታል።

— ማውስ፣ አንድ። ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ግራ ለመሄድ መለመን ያስፈልገዋል።

— ገጽ የሚያቀናብሩበት ፕሮግራም፣ በስድስት ዲስክ የመጣ። አምስተኛው ዲስክ ላይ ወተት ፈስሶበታል።

— ፊደል የሚሠሩበት ፕሮግራም፣ የሙከራ። ስላልተመዘገበ በየሃያ ደቂቃው «እባክዎ ይመዝገቡ» የሚል ሳጥን አውጥቶ ራሱን ይዘጋል። ያልተቀመጠ ሥራ አብሮት ይሄዳል።

— ባለ ካሬ ወረቀት፣ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ገጽ።

— የኔታ መንክር።

የኔታ ዕቃ አይደሉም፤ ዝርዝሩን ሲያስጽፈኝ ግን አብሮ ቆጠራቸው። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ።


፬

የኔታ መንክር ጓሉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብርዕ ሃምሳ ዓመት መጽሐፍ ጽፈዋል። ልየውን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ጎረቤቱም ነበሩ። በ1986 ዓይናቸው ደክሞ የጀመሩትን ዳዊት ከመቶኛው መዝሙር ላይ አቋርጠዋል። ልየው ሊጠይቃቸው ሄዶ የተነጋገሩትን እንዳለ ጽፌዋለሁ።

የኔታ፦ እና ይህ ማሽን እጄን ይወስዳል ነው የምትለኝ።

ልየው፦ አይወስድም የኔታ፤ ይገለብጣል። እርስዎ «ሀ»ን አንዴ ይጽፉልኛል። ከዚያ ማንም ሰው ቁልፉን ሲጫን የእርስዎ «ሀ» ይወጣለታል።

የኔታ፦ ማንም?

ልየው፦ ማንም።

የኔታ፦ ሳይታጠብ፣ ሳይጾም።

ልየው፦ እሱን መቆጣጠር አንችልም።

የኔታ፦ እኔ መጽሐፍ ስጨርስ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?

ልየው፦ ስምዎን ይጽፋሉ።

የኔታ፦ የክርስትና ስሜን። በስተመጨረሻ፣ በትንሹ። ያነበበው ሰው ሁሉ እንዲያስበኝ። ደመወዜ እሱ ነው፤ ሌላውን በልቼ ጨርሼዋለሁ።

ልየው፦ ፊደሉን በስምዎ ልጠራው አስቤ ነበር።

የኔታ፦ አይሆንም። የጸሐፊ ቦታ ከላይ አይደለም። ከታች አስገባኝ፤ ወልደ ሰንበት በል። በእጄ የጻፈ ሰውም ምን እንደጻፈ ይንገረኝ። ዓይኔ ሲጠፋ እጄ የት የት እንደዋለ ብሰማ ደስ ይለኛል። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።

ልየው፦ ይህማ ቀላል ነው የኔታ።

«ይህማ ቀላል ነው» ያለውን ልብ በልልኝ። አሁን ሲነበብለት ጥርሱን ያፋጫል።


፭

የኔታ ፊታቸውን ወረቀቱ ላይ ሊያስነኩት ምንም ሳይቀራቸው ጎንበስ እያሉ፣ በአንድ ገጽ አንድ ፊደል፣ በትልቁ ጻፉ። ሁለት ወር ፈጀባቸው። ልየው ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ካሬዎቹን እየቆጠረ የፊደሉን ቅርጽ ነጥብ በነጥብ በማውስ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባል። በሃያ ደቂቃ ቢበዛ ሦስት ፊደል፣ ማውሱ እሺ ካለው።

ሀ ሁ ሂ

እባክዎ ይመዝገቡ።

ሀ ሁ ሂ ሃ

እባክዎ ይመዝገቡ።

ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ

እባክዎ ይመዝገቡ።

ሀ ሁ ሂ ሃ

እባክዎ ይመዝገቡ።

አራተኛው ላይ ወደ ኋላ የተመለሰው ሥራውን ማስቀመጥ ረስቶ ነው። «ጨ» ላይ ሲደርስ ማውሱን ወርውሮ ግድግዳው ላይ ምልክት ጥሎበታል፤ ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ። ይህ ሁሉ አልፎ ደግሞ አንድ የፊደል ፋይል ውስጥ ያለው ቦታ ለአማርኛ እንደማይበቃ ገባው። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ሃያ ስድስት ፊደል ይበቃል ብለው ነው የተነሡት። ስለዚህ መቃን ለሁለት ከፈለው። «ሰላም» ለመጻፍ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው መዝለል የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር ብልህ አሁን የምታምነኝ አይመስለኝም።

የፊደል መሥሪያውን ፕሮግራም ለመመዝገብ ውጭ አገር ላለው ሠሪው አንድ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ይበቃው ነበር። አድራሻው እዚያው በየሃያ ደቂቃው በሚወጣው ሳጥን ውስጥ ነበር። ልየው አልጻፈም። ይህን ሲነግረኝ ፈጠን ብሎ አለፈው፤ እኔ ግን ጽፌዋለሁ።


፮

ፊደሉ ሲያልቅ የቀረው ዲስኩ ላይ አብሮ የሚሄደው ማብራሪያ ነበር። የሼርዌር ልማድ ነው፤ ፋይሉ «አንብበኝ» ይባላል፣ ስሙ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተውም እሱን ነው። ልየው ሊጽፈው ሲቀመጥ ባለቤቱ አስረበብ ከጀርባው ቆማ ነበር። አስረበብ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት የሚጠፋበት ሰው ስታስተናግድ ትውላለች።

አስረበብ፦ በእንግሊዝኛ ብትጽፈውስ?

ልየው፦ ስለ አማርኛ ፊደል በእንግሊዝኛ ልጻፍ?

አስረበብ፦ አይ፣ ሰዉ መጀመሪያ ሲከፍተው እንዳይቸገር ብዬ…

ልየው፦ ሲከፍተው የየኔታን እጅ ያያል። መጀመሪያ ማየት ያለበት እሱን ነው።

አስረበብ፦ እንደፈለግህ።

ትዳር ያለህ ከሆነ «እንደፈለግህ» ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳህም።

አርባ መስመር ጻፈ። ከላይ የራሱ ስም፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ ካሬዎቹ፣ ማውሱ፣ የሃያ ደቂቃው መከራ፣ የሁለቱ ፋይሎች ጣጣ። ሰው ስንት እንደለፋ እንዲያውቅለት ፈልጓል። በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ይህን አስገባ፦

«ይህ የእጅ ጽሕፈት የየኔታ መንክር ጓሉ ነው።
የክርስትና ስማቸው ወልደ ሰንበት።
ስትጽፉበት አስቧቸው። ምን እንደጻፋችሁም በፖ.ሣ.ቁ. 318 ባሕር ዳር ንገሯቸው።»

በስክሪኑ ላይ ውብ ሆኖ ታየው። አራት ዲስክ ገለበጠ። አንዱን ወደ ደሴ ለሚሄድ ባልደረባው፣ አንዱን ለአዲስ አበባ፣ ሁለቱን እዚያው ባሕር ዳር ላሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ሰጠና ፖስታ ቤት ሄዶ የሳጥኑን ቁልፍ ተቀበለ።


፯

ፖስታ ቤት

1987፦ ባዶ።

1988፦ ባዶ።

1989፦ የሌላ ሰው ፖስታ። መለሰው።

1990፦ ባዶ።

1991፦ ባዶ።

1992፦ ባዶ።

1993፦


፰

ፊደሉ ባይሠራ፣ ማንም ባይፈልገው እሺ ይሁን ይል ነበር። የሚያሳብደው ሌላ ነው። መቃ አገሩን ሞልቶታል። ልየው ያየበትን ሁሉ በአንድ ደብተር መመዝገብ ጀመረ።

«ትኩስ ዳቦ አልቋል።» ዳቦ ቤት በር ላይ።

«ባለሁለት በር ፍሪጅ የሚሸጥ።» የመብራት እንጨት ላይ።

«የልጃችንን የወይዘሪት ትርንጎን የጋብቻ ሥነ ሥርዓት…» ከወርቃማ ጠርዝ ጋር።

«እዚህ አጥር ሥር መሽናት ክልክል ነው።»

የእድር ጥሪ። የክስ ማመልከቻ። የእግር ኳስ ቡድን ማሊያ ጀርባ። አንድ ቀን ደግሞ በራሱ ትምህርት ቤት የአማርኛ ፈተና በየኔታ እጅ ተጽፎ መጣና ፈተናውን ያወጣውን መምህር መምህራን ክፍል ውስጥ ያዘው።

«ይህን ፊደል ከየት አገኘኸው?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥማ ማን ከተተው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አብሮት ነው የሚመጣው።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

መምህሩ ሳቀ። «ይህማ ከውጭ የመጣ ነው ጋሽ ልየው» አለው፤ ደግ ሰው ስለሆነ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ልየው ያን ቀን አምስተኛና ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማረ አያስታውስም።


፱

በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ዘንድ ይሄዳል። የኔታ አሁን የመስኮቱን ብርሃን ከግድግዳው ይለያሉ፣ ከዚያ ያለፈ አያዩም። ሲገባ በእርምጃው ያውቁታል።

የኔታ፦ መጣ?

ልየው፦ ገና ነው የኔታ።

የኔታ፦ በል እስቲ ግድግዳውን ንገረኝ።

ልየው ደብተሩን ያነብላቸዋል። ስለ ሽንቱ የተጻፈውን ሲሰሙ አልተቆጡም።

የኔታ፦ አስተካክለው ጽፈውታል?

ልየው፦ በደማቁ ነው የኔታ። ከሩቅ ይነበባል።

የኔታ፦ ጥሩ። ጠቃሚ ነገር ነው። ስሜስ?

ልየው፦ (ደብተሩን ይዘጋል።)

የኔታ፦ ከዳቦ ቤቱ እስከ ፍርድ ቤቱ በእጄ ሲጽፍ አንድ ሰው እንኳ ወልደ ሰንበት አላለም?

ልየው፦ ሰው ምስጋና ቢስ ሆኗል የኔታ። ወስዶ ዞር ነው።

የኔታ፦ ሁሉም?

ልየው፦ ሁሉም።

የኔታ፦ አገር ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ አይከፋም ልጄ። የጎደለ ነገር አለ። ፈልገው። እኔ ብዙ ጊዜ የለኝም።

ከዚያ ወጥቶ ፈለገ? አልፈለገም። ቤቱ ሄዶ በሰው ሁሉ ላይ ተናደደ። መናደድ ይቀለዋል።


፲

በ1993 መጋቢት ላይ ለመምህራን ሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሄደ። የቡድኑን ሪፖርት ማስተየብ ነበረበትና የዝና የምትባል ሴት የምትሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ግድግዳው ላይ የሠርግ ካርድ ናሙና፤ ሁሉም በመቃ።

የዝና፦ በዚህ ፊደል ላውጣልዎት ጋሼ? ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ሰው የእጅ ጽሕፈት ይመስለዋል።

ልየው፦ ከየት አገኘሽው?

የዝና፦ ከደሴ ነው የመጣልኝ። እኔም ለቡሬም፣ ለደጀንም፣ ለሞጣም ቀድቼ ሰጥቻለሁ።

ልየው፦ የሠራው ሰው ደብዳቤ ጻፉልኝ ብሎ አልለመነም?

የዝና፦ ማን እንደሠራው ማን ያውቃል። ባገኘው ስንት ጊዜ አመሰግነው ነበር። እንጀራዬ እኮ እሱ ነው።

ልየው፦ ዲስኩ ላይ ማብራሪያ አለ። «አንብበኝ» የሚል።

የዝና፦ ውይ፣ እሱን እንዳይነኩት። ቫይረስ ነው።

ልየው፦ ምን?

የዝና፦ ቫይረስ። ደሴ ያሉት አስጠንቅቀውኛል። እኔም ለሰጠኋቸው ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ። ይኸው።

መሳቢያዋን ሳበችና ዲስክ አወጣች። ጀርባው ላይ በማተሚያ የወጣ፣ በጥንቃቄ ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት አለበት፦


«አንብበኝ» የሚለውን አትክፈቱ። ቫይረስ ነው።


ጽሕፈቱ የየኔታ ነው። የ«አ» እግር ላይ ያለችው ጎበጥ ማለት፣ የ«ቫ» ላይኛዋ ጭረት። ልየው ካሬዋን ቆጥሮ ያስገባት እሱ ራሱ ነው።

«ክፈችልኝ» አላት።

«ጋሼ፣ ማሽኑ የሰው ሥራ አለበት።»

«ግዴለም እህቴ። በእኔ ይሁን። ፊደሉ ገና ያልገባበት ማሽን ካለ እዚያ ላይ ክፈችው፤ እናንተ መጀመሪያ ያያችሁትን ማየት እፈልጋለሁ።»


፲፩

ÃI ¾ÏÐ êQðƒ ¾¾’@ S”¡` ÕK< ’¨<::

¾¡`eƒ“ eT†¨< ¨MÅ c”uƒ::

eƒêñuƒ AeuD†¨<::


(በዚህ ገጽ ላይ ተጨማሪ ነገር ልጽፍ ነበር። ልየው ግን ስክሪኑን ረጅም ጊዜ ትኩር ብሎ እንዳየው ነገረኝ። አንተም እየው።)


፲፪

ገባህ አይደል።

«አንብበኝ»ን የጻፈው በመቃ ነው። መቃን ገና ያላስገባ ማሽን ደግሞ መቃን ማሳየት አይችልም። ሰው ዲስኩን ሲቀበል መጀመሪያ የሚከፍተው ማብራሪያውን ነው፤ የሚያየው ከላይ ያለውን ጉድ ነው። በዚያ ዘመን ስክሪን ላይ እንዲህ ያለ ነገር የመጣበት ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቫይረስ። ደንግጦ ይዘጋዋል፣ ፊደሎቹን ብቻ ያስገባል፣ የሚቀጥለውንም ሰው ያስጠነቅቃል። በልየው ኮምፒውተር ላይ ግን ፊደሉ ሁልጊዜ አለ። እሱ በከፈተው ቁጥር ውብ ነው።

አስረበብ ልትነግረው ነበር። አላስጨረሳትም።

የዝና መቃን ያንኑ ማሽን ውስጥ አስገባችና ፋይሉን እንደገና ከፈተችው። አርባው መስመር ወጣ። ከላይ ያለውን የልየውን መከራ በዓይኗ ዘለለችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ አነበበች።

«ወልደ ሰንበት» አለች። ከዚያ ዞር አለች። «በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ዓይናቸው ግን ጠፍቷል።»

«እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ እኮ ቫይረስ ናቸው እያልኩ ነው ለሰው ሁሉ የለጠፍኩባቸው።»

«አንቺ ምን አደረግሽ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲናገር በሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ሪፖርቱን ሳይወስድ ወጣ።


፲፫

እሑድ።

የኔታ፦ መጣ?

ልየው፦ አልመጣም። የጎደለውን ግን አግኝቼዋለሁ።

ነገራቸው። ዲስኩን፣ ጉዱን፣ ተለጥፎ ያየውን ማስጠንቀቂያ። 

የኔታ፦ እንዳያነቡኝ ያለችው በኔው እጅ ነው?

ልየው፦ አዎ የኔታ።

የኔታ፦ አሳምራ?

ልየው፦ በጣም አሳምራ።

የኔታ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ልየው ውኃ ሰጣቸው።

የኔታ፦ ያ ማብራሪያህ ስንት መስመር ነበር?

ልየው፦ አርባ።

የኔታ፦ ክፍት ቦታ ነበረው?

ልየው፦ የምን ክፍት ቦታ?

የኔታ፦ እኔ መጽሐፍ ስጽፍ ማን እንደሚወስደው አላውቅም። ስለዚህ የባለቤቱን ስም ቦታ ክፍት እተወዋለሁ። መጽሐፉን የወሰደው ሰው ስሙን ያስገባበታል። የኔ ስም ከሱ ስም በታች ነው ያለው፤ የራሱን ሲያይ የኔንም ያያል። ሰው ስሙ ያለበትን ወረቀት አይጥልም። አንተ ግን አርባውንም መስመር ራስህ ሞላኸው።

ልየው ከላይ የጻፈው ማንን እንደነበር ታስታውሳለህ።

ልየው፦ እንደገና እጽፈዋለሁ የኔታ። አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛም፣ በሥዕልም አድርጌ ዲስኩ ላይ…

የኔታ፦ ለምን ዲስኩ ላይ?

ልየው፦ ታዲያ የት?

የኔታ፦ ይህ ሁሉ ማሽን ወረቀት ለማውጣት አይደለም እንዴ? ወረቀት አጣችሁ?


፲፬

ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ነው፤ ዲስኩ ላይ የሚጠቀለል። ልየው አውጥቶ ለየዝና በአውቶቡስ ላከላት። እሷም ለቡሬ፣ ለደጀን፣ ለሞጣ፣ ለደሴም አዲስ ዲስክ ከወረቀቱ ጋር ላከች፤ የድሮውን ማስጠንቀቂያ ልጣችሁ ጣሉ የሚል መልእክት ጨምራ። ስንቶቹ እንደጣሉ አይታወቅም። አገር ውስጥ የተበተነ ዲስክ አይሰበሰብም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨዋል፣ ስናወራም ሁለት ጊዜ ተነሥቶ የወጣው በዚህ ነው።

ያኔውኑ ውጭ አገር ላለው የፊደል መሥሪያው ፕሮግራም ባለቤትም ደብዳቤ ጽፏል። ሰባት ዓመት ዘግይቼ ነው፣ ይቅርታ፣ ፕሮግራምህ በየሃያ ደቂቃው ቢያሳብደኝም ሠርቼበታለሁ ብሎ። ሰውዬው በዚያ አድራሻ ይኑር አይኑር አያውቅም።

የወረቀቱ ግልባጭ ይኸው፦


ይህ ፊደል የ ____________________ ነው።

(ስምህን በራስህ እጅ አስገባ።)

የጻፍኩበት ነገር፦ ____________________

ፊደሉን የጻፉት ወልደ ሰንበት ናቸው። አስባቸው።

ፖ.ሣ.ቁ. 318፣ ባሕር ዳር


የልየው ስም የትም የለም። ልጨምረው ብዬ ነበር፤ እንቢ አለኝ።


፲፭

ፖስታ ቤት

ሐሙስ ነው። ልየው ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቷል። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ዛሬ ቀና ብላለች። ከሦስት ቀን በኋላ እሑድ ነው፤ የኔታ በእርምጃው አውቀውት «መጣ?» ይሉታል። ባለፈው እሑድ ሲጠይቁት ከአልጋቸው አልተነሡም ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ልጽፍልህ አልችልም፤ ገና አልተከፈተም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ይህን ታሪክ ያስተየብኩት የዝና ዘንድ ነው። ከመጀመሪያዋ «ባዶ» እስከዚህ ድረስ ያነበብከው በየኔታ እጅ ነው። እንግዲህ ምን እንዳነበብክ የምትነግራቸው አንተ ነህ።


ይድረስ ለየኔታ መንክር ጓሉ
ፖ.ሣ.ቁ. 318
ባሕር ዳር

ወልደ ሰንበት ሆይ፣ እኔ ____________________ እባላለሁ። በእጅዎ